ለሰርግ የተገዛው የግንበኛ መብራት

ሙሉሸዋን የማያውቅ የካይሮ ሐበሻ ካለ፣ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ነው። በዘጠናዎቹ ማለቂያና ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምላችሁ፣ አርድ ኤል ሊዋ ውስጥ የተጋባ፣ ልጁን ክርስትና ያስነሳ፣ «እማዬ ደህና ነኝ፣ ወፍሬያለሁ» ብሎ በቪዲዮ ካሴት ሰላምታ የላከ ሁሉ እሷ ካሜራ ፊት ያልቆመ የለም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አልዋሽም። የሰው ታሪክ በማውራት የሚስተካከለኝ ግን ካይሮም አላገኘሁ፣ ካርቱምም አላገኘሁ። ዛሬ የማወራችሁ ሙሉሸዋ አንዲት መብራት እንዴት አድርጋ እንደመረጠች ነው። መብራት ደግሞ ምን ወሬ አለው እንዳትሉኝ። አለው።

ሙሉሸዋ የኮምቦልቻ ልጅ ነች። በሱዳን በኩል ዞራ ካይሮ ስትገባ ዓረብኛዋ የካርቱም ስለነበረ ግብፆቹ አፏን በከፈተች ቁጥር ይስቁባት ነበር። ሄሊዮፖሊስ መዳም ናዲያ የምትባል ባለጸጋ አሮጊት ቤት ተቀጠረች። ያ ቤት ሳሎኑ መሃል እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠለ የክሪስታል መብራት ነበረው። ሙሉሸዋ በየወሩ መሰላል ላይ ትወጣና ፍሬውን አንድ በአንድ አውርዳ በኮምጣጤ ውሃ ታጥባለች፣ አድርቃ መልሳ ትሰቅላለች። መብራት የተማረችው እዚያ መሰላል ላይ ነው። የሸክላው አምፖል መያዣ ዓመት ከዓመት ሲቆይ፣ የፕላስቲኩ በሙቀት ተሰንጥቆ እጅ ላይ እንደሚቀር በጣቷ ታውቀዋለች።

ሄሊዮፖሊስን ካነሳሁ አይቀር፣ የዚያን ጊዜው ሄሊዮፖሊስ የዛሬው እንዳይመስላችሁ። ትራሙ በዛፍ ጥላ ሥር እያፏጨ ይሄድ ነበር፤ እኔ ትኬት ሳልቆርጥ ከጫፍ ጫፍ ሄጄበታለሁ፣ ተቆጣጣሪው ወንድሜ ነበራ! ወንድሜ ስል የእናቴ ልጅ ማለቴ አይደለም፣ ሻይ የምንጋበዝ ማለቴ ነው። ወዴት ሄድኩ? አዎ፣ መዳም ናዲያ።

መዳም ናዲያ ካናዳ ልጇ ዘንድ ልትኖር ቤቱን ስትዘጋ፣ ሙሉሸዋን ጠርታ «የወደድሽውን ዕቃ ምረጪ፣ ያንቺ ነው» አለቻት። ሌላ ሰው ቢሆን ምንጣፉን ይወስዳል። ሙሉሸዋ የጠየቀችው ካሜራውን ነው። ትከሻ ላይ የሚቀመጥ፣ ትልቁን ካሴት እንዳለ የሚውጥ፣ ክብደቱ ጠቦት የሚያህል ካሜራ።

«ምን ልታደርጊበት?» አለቻት መዳም።

«አገር ቤት ያሉ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት ይዩበት» አለች። መዳም ናዲያ፣ እግዜር ነፍሷን ይማርና፣ ካሜራውን ብቻ ሳይሆን ማጫወቻውንና ትንሿን ቴሌቪዥንም ጨምራ ሰጠቻት። ሙሉሸዋ እስካሁን ለሴትዮዋ ሻማ ታበራላታለች።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው በፋሲካ ነው።

አርድ ኤል ሊዋን ላላያችሁት፣ ቤቱ ከቤት ጋር የተጣበቀ፣ መንገዱ በጣም የጠበበ ሰፈር ነው። ከአራተኛ ፎቅ እጅሽን ብትዘረጊ የጎረቤትሽን ልብስ ከገመድ ላይ ትሰበስቢያለሽ። በቀትርም ቢሆን ቤት ውስጥ ፀሐይ አይገባም። ኢየሩስ የምትባል የወልዲያ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር እዚያ አንድ ሸቃ፣ ማለት አፓርታማ፣ ተከራይታ ትኖር ነበር። በፋሲካ ሁላችንም እዚያ ተሰበሰብን። ሁሉም የአገር ልብስ ለብሷል፤ ጣሪያው ላይ አንዲት የደከመች አምፖል አለች። ሙሉሸዋ ካሜራዋን ወደኛ ደግና ቀረጸችን።

ካሜራ የራሱ ጠባይ አለው። ነጭ ብዙ ሲያይ ይደነግጣል፣ ዓይኑን ያጠባል። ነጩን ልብስ አሳምሮ ለማሳየት ሲል የእኛን ፊት ይውጠዋል። ካሴቱ ላይ የታየው ነጭ ቀሚስ ብቻውን እስክስታ ሲወርድ ነው፤ ከአንገቱ በላይ ጥቁር ጉድጓድ። እኛ ሳቅን። «ያቺ እኔ ነኝ፣ በጥለቷ አወቅኳት» እያልን። ሀብተ ማርያም የሚባል ከወልዲያ ካይሮ የሚመላለስ ነጋዴ፣ በርበሬ አምጥቶ ጨርቅ የሚወስድ ደግ ሰው፣ ካሴቱን ለኢየሩስ እናት ይዞላት ሄደ።

ሐምሌ ላይ ተመለሰ። ኢየሩስ ቤት ሲመጣ ሙሉሸዋም ነበረች። ሻይ ቀረበለት፣ አልነካውም። ሀብተ ማርያም ሻይ ሳይነካ ሲቀር አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ እኔ ሻይ ሲጠጣ አይቼዋለሁ፣ ስኳሩን በማንኪያ ሳይሆን በእፍኝ ነው የሚጨምር።

«ኢየሩስ፣ እናትሽ ጥቁር ለብሰዋል» አላት።

«ውይ! ማን ሞተብን?»

«አንቺ።»

ኢየሩስ መጀመሪያ ሳቀች። የሚቀልድ መሰላት። ፊቱን ስታይ ግን ሳቋ አፏ ላይ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእናትየዋ ከወይዘሮ ደብሪቱ መንደር ማዶ አንዲት ልጅ ዓረብ አገር ሄዳ ሞታለች። ዘመዶቿ አንጀት አልችል ብሏቸው ለእናቷ «ደህና ነች፣ ሰላም ብላሻለች» እያሉ ዓመት ሙሉ ደብቀዋል፤ በኋላ ሬሳው በሣጥን መጣ። ወይዘሮ ደብሪቱ ይህን በዓይናቸው ያዩ ናቸው። የፋሲካውን ካሴት ጎረቤት ቤት ተቀምጠው ሲያዩ፣ «ያቻት ኢየሩስ» ሲሏቸው፣ የታያቸው ቀሚስ ነው። «ይቺ ማናት? ፊቷን ለምን ደበቃችሁብኝ? የልጄን ቀሚስ ለሌላ ሰው አልብሳችሁ ልታታልሉኝ ነው?» ብለው ተነሥተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ የሚያሳምናቸው ጠፋ፤ ጥቁር ለበሱ።

«በስልክ አናገርኳት እኮ! በስልክ አልቅሼ አናገርኳት!» አለች ኢየሩስ።

«ድምፅ ማንም ያስመስላል አሉ። ደብዳቤውንም ማንም ይጽፈዋል አሉ። ጠባሳዋን ካላየሁ አላምንም ነው የሚሉት።»

ኢየሩስ ከግራ ቅንድቧ በላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠባሳ አለቻት። ልጅ ሆና ደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ወድቃ ነው። ያን ዕለት ደሟን የጠረጉት እናቷ ናቸው።

ሄዳ እንዳትታይ ኢየሩስ የስደተኛ ወረቀት ላይ ናት፤ ከወጣች መመለሻ የላትም። ከፍልሰታ በኋላ ደግሞ እንዳለ የሚባል ደህና ልጅ ልታገባ ቀን ተቆርጧል። እናቷ ጥቁር ለብሰው እያለቀሱላት እሷ ቬሎ ልትለብስ! ሀብተ ማርያም «ሰርጉን ቆይቼ ካሴቱን እኔው ይዤ እሄዳለሁ፤ ብቻ በዚህኛው ፊትሽ ይታይ» አለ።

 ያንን ካሴት የቀረጸችው ሙሉሸዋ ናት። ቦርሳዋን አንሥታ ሩፋኤልን ፍለጋ ሄደች።

ሩፋኤል ካይሮ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ አባቱ ድሮ ለትምህርት ኦልድ ካይሮ ቅብጦቹ ጋ መጥተው የቀሩ ናቸው። ዓረብኛውን ሲያወራ ግብፃዊ ነው፣ አማርኛው ላይ ግን ያዕኒ፣ «ማለቴ»፣ ሳይል ሁለት ቃል አይሄድም። የሰርግ ቪዲዮ ከሚያነሱ ግብፆች ጋር ገመድ እየጎተተ ይሠራ ነበር።

«መብራት ልገዛ ነው፣ ና ምራኝ» አለችው።

«ማዕቁል፣ ልክ ነሽ፣ እትዬ ሙሉ! ስንት ጊዜ ነገርኩሽ። መብራት ከሌለ ካሜራ ያዕኒ እንደ ዕውር ነው።»

በማይክሮባስ ዓታባ ወረዱ። ከዓታባ ጀርባ የኤሌክትሪክ ዕቃ ብቻ የሚሸጥበት ሰፈር አለ፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እወስዳችኋለሁ። በቀን የሚበራ መብራት ብዛቱ! ሰው እዚያ መንገድ ላይ ጥላ የለውም። ዓም ሻውቂ የሚባል ሽማግሌ ሱቅ ገቡ። ሰውዬው ለሰርግ መሆኑን ሲሰማ ወዲያው አንድ ረጅም፣ ባለ ሦስት እግር፣ ራሱ ላይ ነጭ ጃንጥላ የተዘረጋለት የውጭ አገር መብራት አወጣ።

«ይሄ ነው የሰርግ! ሙሽራዋ ኩሻ ላይ ትቀመጥ የለ? ከላይ ያበራላታል» አለ። ኩሻ ማለት የግብፅ ሙሽሮች ከሰው ከፍ ብለው አበባ መሃል የሚቀመጡበት መድረክ ነው።

ሙሉሸዋ መብራቱን ዞረችው። የአንገቱን ጠመዝማዛ በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው፤ ፕላስቲክ ነው። አምፖል መያዣውን አየች፤ እሱም።

«አምፖሉ ቢቃጠል ከየት አገኛለሁ?»

«ከጣልያን ይመጣል፣ ኢንሻላህ። ወርም ሁለት ወርም ነው።»

«ሙሽራዋ እስከዚያ ትጠብቀኝ?»

ዓም ሻውቂ ከት ብሎ ሳቀ። ዋጋውን ሲነግራት ግን የሳቀ የለም፤ የግማሽ ዓመት ደሞዟ ነው።

እሷ ዓይኗ በሩ ሥር ያረፈ ነገር ላይ ነበር። ግንበኞችና ለሳኞች ማታ ሲሠሩ የሚያበሩት፣ ግብፆች ከሻፍ የሚሉት፣ የብረት ሣጥን የሚመስል መብራት። ፊቱ ወፍራም መስተዋት፣ እግሩ አጭር ብረት፣ ገመዱ ጎማ። መሬት ላይ እንደ ድስት ቂብ ብሎ ነው የሚቀመጠው።

«ይሄስ?»

ሩፋኤል ራሱን ያዘ። «እትዬ ሙሉ፣ እሱ የለሳኝ ነው! ሙሽራዋን ልትለስኛት ነው?»

«አንተ ዝም በል። ዓም ሻውቂ፣ አብራልኝ።»

አበራላት። ሰው መብራት ሲገዛ አንዴ አብርቶ አጥፍቶ ይሄዳል፤ እሷ እስኪግል ድረስ ሱቁ ውስጥ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሻይ አስመጣላት፣ ጠጣች። ቀለሙ ይሸት እንደሆነ አሸተተች። ከውስጥ አምፖሉ የተሰካበት ሸክላ መሆኑን አጎንብሳ አየች። ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ የሚያብረቀርቅ፣ እጀታው ፕላስቲክ፣ ቀላል። አንዱ ግራጫ፣ ከባድ፣ መልኩ የማያምር። በእግሯ ገፋ ስታደርጋቸው የሚያብረቀርቀው ተገለበጠ፣ ግራጫው ንቅንቅ አላለም።

«ይሄንን። አምፖሉስ?»

«የትም! ባቃሉ፣ ባለ ሱቁ ጋ፣ ቀለም ሻጩ ጋ፣ የትም አለ።» ከዚያ ነጋዴ አይደል፣ «ትልቁን ውሰጂ፣ ሺህ ዋቱን!» አላት።

«ትልቁን አርድ ኤል ሊዋ ካበራሽው መንገዱ በሙሉ ይጠፋል» አለ ሩፋኤል። ይሄ እውነት ነው፤ የሰፈራችን ሽቦ ከየት እንደተሳበ የሳበውም አያውቀውም። ስለዚህ ትንሹን ገዛች። የአንድ ሳምንት ደሞዟን አልሞላም። ማይክሮባስ ውስጥ ጭኗ ላይ አቅፋው ስትመጣ ሾፌሩ «ሕፃኑ ክብደቱ ስንት ነው?» ብሎ ቀለደባት።

ደስ ብሏት ነበር። ኢየሩስ ቤት ስትሞክረው ግን ደስታዋ ሄደ። መብራቷ ኃይለኛ ናት። ፊት ለፊት ስትበራ ኢየሩስ ዓይኗን መግለጥ አቃታት፤ ፊቷ ቅቤ እንደተቀባ አበራ፣ ልብሷ ነደደ፣ ከኋላዋ አረንጓዴው ግድግዳ ላይ ጥላዋ እንደ ጅብ ቆመ። ጠባሳዋ የት ገባች? አትታይም።

ሙሉሸዋ አሰበችና የራሷን የክት ነጠላ አውጥታ መብራቷ ላይ ጣል አደረገችው፤ እንዲለዝብ ብላ። እውነትም ለዘበ። ኢየሩስ ዓይኗን ገለጠች፣ ሙሉሸዋ «አገኘሁት!» ብላ ወደ ካሜራው ሮጠች። ካሜራው ላይ ዓይኗን ስትጥል ኢየሩስ «እትዬ፣ ምን ይሸታል?» አለች። ነጠላው መሃሉ ሰሃን በሚያህል ቀዳዳ ቡን ብሎ እየጨሰ ነው! ጎትተው በእግራቸው ረገጡት።

«እናቴ ቀብራኛለች፤ አንቺ ደግሞ ልታቃጥይኝ ነው?» አለች ኢየሩስ። ከዚያ ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ለቅሶው ቀረ።

ሩፋኤል ይህን ሲሰማ አልሳቀባትም። ልጁ አፉ እንጂ ልቡ ሌላ ነው። «ማሌሽ፣ አይዞሽ እትዬ፣ ለሰርጉ ቀን እንደዚያ ያለ ረጅሙን ከአለቃዬ እለምናለሁ» አለ። ለመነም፣ ተሰጠውም።

የሰርጉ ቀን ኦልድ ካይሮ ማር ጊርጊስ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ከሰዓት በኋላ ወደ ኢየሩስ ቤት መጡ። እኔ የዚያን ቀን የጨፈርኩትን ጭፈራ ወጣቶቹ ዛሬም ያወሩታል፤ እሱን ልተወው። የሩፋኤል መብራት ጃንጥላዋን ዘርግታ ቆማለች። ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ ቆመው ሲታዩ፣ ኧረ ምን ልበላችሁ፣ ማማር ነው! ሙሉሸዋ ትከሻዋ ላይ ካሜራዋን አድርጋ ትቀርጻለች። የለሳኟ መብራት ጥግ ላይ ከጫማ መሃል ተቀምጣለች።

ከዚያ ጉልበት መሳም መጣ።

የሙሽሮቹ ወላጆች አገር ቤት ናቸው። ስለዚህ በካይሮ ልማዳችን ትልልቆቹ እናቶች በእናት ፈንታ ይደረደራሉ፤ ሁሉም ነጭ በነጭ። መሃላቸው እማማ የውብዳር ተቀምጠዋል፤ ከሁላችንም ቀድመው ካይሮ የመጡ፣ አፋቸው የማይታጠፍ ሴትዮ። ከእሳቸው አጠገብ አንድ ዱካ፣ በርጩማ፣ ባዶ ተትቷል፣ የወይዘሮ ደብሪቱ ቦታ ነው። ሙሉሸዋ ካሜራዋን ከትከሻዋ አውርዳ እዚያ ዱካ ላይ አስቀመጠች። «እናትሽ እዚህ ነች፤ እዚህ ትስሚያለሽ» አለቻት።

ኢየሩስ ተንበረከከች።

የተንበረከከች ሙሽራ ደግሞ መሬት ላይ ናት። ዓም ሻውቂ ያሳያት ዓይነት መብራት ለኩሻ ነው የተሠራው፤ የግብፅ ሙሽራ ከሰው በላይ ትቀመጣለች፣ የእኛ ሙሽራ ከሰው እግር ሥር ትወርዳለች። መብራቱ ከላይ ቬሎዋን አነደደውና ጎንበስ ያለ ፊቷን ጥላ ዋጠው። ሙሉሸዋ በካሜራዋ ትንሽ ቀዳዳ ስታይ፣ ፋሲካ! ያው ጥቁር ጉድጓድ!

«ሩፋኤል፣ ዝቅ አድርገው!»

ሩፋኤል ዘሎ አንገቱን ሲጠመዝዝ፣ ቀጭ! የጋለው ፕላስቲክ ተሰነጠቀ። መብራቱ አንገቱ እንደተቆረጠ ዶሮ ራሱን ጣለና ጠፋ። ቤቱ ጨለመ። ሴቶቹ «ውይ!» አሉ። ኢየሩስ እንደተንበረከከች ናት፤ ጭፈራው ተቋርጧል።

ሙሉሸዋ ጫማውን በትና የለሳኟን መብራት አወጣች። ሰካቻት፣ መሬት ላይ አስቀመጠቻት፣ ፊቷን ወደ ኢየሩስ አዞረች። ኢየሩስ እጇን ዓይኗ ላይ ጫነች።

ያኔ እማማ የውብዳር ጮኹ። «አንቺ ልጅ! ሙሽራ ነው እንዴ የምትጠብሺው? ያን እሳት ከልጅቱ ፊት አዙሪልኝ!»

«እማማ፣ ካዞርኩት አትታይም!»

«ወደኛ አዙሪው! እኛ እንደሆንን ተቀቅለን ያለቅን ነን፣ ምን እንሆናለን? ወደኛ!»

እማማ የውብዳር ካዘዙ የሚከራከር የለም። ሙሉሸዋ እንባዋን ዋጥ አድርጋ መብራቷን በብረት እግሯ ይዛ ወደ አሮጊቶቹ አዞረቻት። መብራቷ አጭር ናት፣ መሬት ላይ ናት፤ የበራችው በነዚያ ሁሉ እናቶች ጉልበት፣ በቀሚሳቸው፣ ደረታቸው ላይ ባጣፉት ነጠላ ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለ ነጭ ሁሉ በራ። አሮጊቶቹ «እግዚኦ!» እያሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሙሉሸዋ ተስፋ ቆርጣ ዓይኗን ካሜራው ላይ አደረገች።

ኢየሩስ ነበረች። ፊቷ! ነጭ ልብሶቹ ላይ ያረፈው ብርሃን ተመልሶ ለስለስ ብሎ እሷ ላይ ወርዷል፤ የሚያቃጥል የለ፣ ጥላ የለ። ዓይኗ ተገልጧል። እንባዋ ሳይቀር ይታያል። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ኮፌሩ፣ የፀጉር ቤቱ ሰውዬ፣ ፊቷን በነጭ ዱቄት ለስኖታል። ግንበኛ ከተባለ ግንበኛው እሱ ነበር። ጠባሳዋ ተደፍኗል።

«እማማ፣ ጠባሳዋ!» አለች ሙሉሸዋ በሹክሹክታ።

እማማ የውብዳር የነጠላቸውን ጫፍ ምራቃቸው አስነክተው የኢየሩስን ግንባር ጠረጉት። ልክ እንደ ልጅ። «እናትሽ የወለደችውን ፊት አሳዪያት» አሏት። «ኮፌሩ የሠራውን እሷ ከየት ታውቀዋለች?»

ኢየሩስ ካሜራውን ቀና ብላ አየች። ብዙ ልትናገር ተዘጋጅታ ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ጥቁሩን አውልቂልኝ።» ከዚያ ጎንበስ ብላ ዱካውን ሳመችው፤ ጉልበት የሚሆንበትን ቦታ። ካሴቱ ላይ አንዲት ሳል እንኳን የለችም። እልልታው የመጣው በኋላ ነው።

ሀብተ ማርያም ካሴቱን በሁለት ሸሚዝ ጠቅልሎ ሄደ። ሙሉሸዋ ከዚያ በኋላ የሆነችውን አትጠይቁኝ። ሥራ ቦታ ሰሃን ትሰብራለች፣ ማይክሮባስ ትሳሳታለች። ሩፋኤል የአለቃውን መብራት አንገት በብረት ሽቦ አስሮ ሲመልስ ሁለት ቀን ተኮርፎበታል፤ እሷ ግን «ያንተ መብራት ባይሰበር የኔ አትወጣም ነበር» እያለች ምሳ ትጋብዘዋለች።

ገና ሊደርስ ሲል ሀብተ ማርያም መጣ። ሙሉሸዋም፣ ኢየሩስና እንዳለም፣ እማማ የውብዳርም ሙሉሸዋ ቤት ተሰብስበው ጠበቁት። ገብቶ ተቀመጠ። ሻይ ቀረበለት። ስኳሩን በእፍኙ ዘግኖ ጨመረ። ኢየሩስ ያኔውኑ አለቀሰች።

«ንገረን እንጂ፣ ሰውዬ!» አሉ እማማ የውብዳር።

«ወይዘሮ ደብሪቱ ጥቁራቸውን እንደለበሱ መጡ» አለ። «እኅቴ ቤት ነው ያሳየኋቸው። በሩ ሥር ተቀመጡ፤ ደግሞ ልታታልሉኝ ነው ብለው። ጭፈራውን አላዩትም፣ መሬት መሬት ነው የሚያዩት። እሷ ስትንበረከክ፣ እማማ ግንባሯን ሲጠርጉላት፣ ቀና አሉ። ‹አቁሙት› አሉ። አቆምነው። ተነሥተው ሄደው በጣታቸው መስተዋቱን ቅንድቧ ላይ ነኩት። ‹ቀጥሉ› አሉን። እሷ ልትስም ጎንበስ ስትል ሴትዮዋ ምን አደረጉ? ዱካቸውን ጎትተው ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጡና ጉልበታቸውን መስተዋቱ ላይ አስጠጉላት። አስጠግተው መረቁ። ኧረ ምርቃቱስ! ካሴቱ አልቆ እሳቸው አላለቁም።»

«ጥቁሩስ?» አለች ኢየሩስ።

«እዚያው እኅቴ ጓዳ ገብተው ነው ያወለቁት። በእኅቴ ቀሚስ ነው ወደ ቤታቸው የሄዱት።»

ኢየሩስ ተነሥታ ሙሉሸዋ ጉልበት ላይ ወደቀች። ሙሉሸዋ «ተይ፣ ተነሽ፣ ኸላስ» ትላለች፣ ራሷ ግን እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

ሀብተ ማርያም ከሻንጣው አንድ ነጠላ አወጣ፤ በእጅ የተፈተለ፣ ወፍራም፣ ገና የጥጥ ሽታ ያለው። «ይሄ ላንቺ ነው» አላት ሙሉሸዋን። «‹ልጄን በመብራት ላሳየችኝ ስጥልኝ› ብለዋል።» ነጠላዋ እንደተቃጠለ ወይዘሮ ደብሪቱ ማንም አልነገራቸውም። እኔ እግዜር ነው የነገራቸው ባይ ነኝ፤ ሌላ የሚል ካለ ለብቻው ይበል።

ሙሉሸዋ ያን ነጠላ አንድም ቀን አልለበሰችውም። ሰርግ በተጠራች ቁጥር ግድግዳ ላይ ትወጥረዋለች፣ የለሳኟን መብራት መሬት አስቀምጣ ፊቷን ወደ ነጠላው ታዞራለች፣ ከእጅ ርዝመት በላይ አርቃ። አሮጊቶቹ ከዚያ ወዲህ ዓይናቸውን ጨፍነው አያውቁም። በኋላ ትንንሽ ካሜራ መጣ፣ ካሴቱም ቀረ፣ ስንት ዓይነት መብራት ገብቶ ስንት ወጣ። እሷ ያችኑ ነው የምታበራው። አምፖሏን ከቤቷ ሥር ካለው ባቃል ትቀይርላታለች፤ አንዴ የኢየሩስ ትልቁ ልጅ በኳስ መትቶ መስተዋቷን ሰንጥቆታል፣ እሱንም ቀለም ሻጩ ጋ አገኘችው።

ያን ሀብተ ማርያም ነጠላውን ያመጣላት ቀን እንግዶቹ ሲሄዱ፣ ሙሉሸዋ መብራቷን ከጥግ አወጣች። ጎድጓዳ ሰሃን ላይ ውሃ ቀዳች፣ ኮምጣጤ ጠብ አደረገችበት፣ የመብራቷን መስተዋት እንደ መዳም ናዲያ ክሪስታል አጥባ አደረቀችው።